ትንፋሽና ከንፈር ለትራምፔት ድምፅ ጥራት ያላቸው ድርሻ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ አዳራሽ ስለ ድልድይ፣ ስለ ውኃ መስመር ወይም ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያ እንጂ ስለ ጥሩምባ መናገር የተለመደ አይደለም። የዝግጅት ኮሚቴው ርእሱን ሲሰጠኝ ምክንያቱን አስረድቶኛል፤ ይኸውም ከአባሎቻችን መካከል ከሥራ ሰዓት ውጭ በናስ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወቱ ጥቂት ሰዎች መኖራቸው፣ ከእነዚህም ውስጥ ሁለቱ «ድምፃችን አልጠራ አለ፣ ከንፈራችንም ደከመ» በማለት መሣሪያቸውን ወደ ሣጥኑ መልሰው ለመተው መቃረባቸው ነው። ስለሆነም ንግግሬ በመጀመሪያ ለእነዚህ ለሁለቱ ባልደረቦቼ ነው። ሌሎቻችሁም ብትሆኑ በየዕለቱ ከቧንቧ፣ ከቫልቭና ከግፊት ጋር የምትውሉ ስለሆናችሁ ነገሩ ባዕድ አይሆንባችሁም ብዬ አምናለሁ።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። በአማርኛችን «ጥሩምባ» ሲባል የዕድር ለፋፊው የሚነፋውም፣ መኪና የሚያሰማውም፣ የሙዚቃ ጓዱ መሣሪያም በአንድ ስም ይጠራሉ። መለከት የሚል የከበረ ቃልም አለን፤ እርሱ ግን ከነጋሪትና ከእምቢልታ ጋር በአደባባይ ይሰማ የነበረው፣ ቫልቭ የሌለው ረዥሙ መሣሪያ ነው። እኔ የምናገርለት ሦስት ቫልቭ ያለውን ስለሆነ ተጫዋቾቹ በሚጠሩበት ስም ትራምፔት እለዋለሁ። ወደ አገራችን የገባበትን መንገድ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያው ንጉሠ ነገሥት በስጦታ የመጡት የናስ መሣሪያዎች አሉ፤ በኋላም በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ አርመኖች በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የሠሩበት የሙዚቃ ጓድ አለ። ከዚያ ወዲህ ትራምፔት በብዛት የተማረው በጦር ሠራዊት፣ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ውስጥ ነው። ይህን ያነሣሁት አንድ ነገር ለማስታወስ ብቻ ነው፦ የሰልፍ ሙዚቃ በገላጣ ሜዳ፣ እየተራመዱ፣ ለሩቅ እንዲሰማ የሚነፋ ሙዚቃ ነው። አጩኾ መንፋት ከሁሉ በፊት የሚፈለግ ችሎታ በሚሆንበት ቦታ ደግሞ የድምፅ ጥራት ሁለተኛ መሆኑ አይቀርም።

አሁን ወደ መሣሪያው ልለፍ። በብዛት በሥራ ላይ ያለው ቢ ፍላት ትራምፔት ተዘርግቶ ቢለካ 1 ሜትር ከ48 ሴንቲሜትር ያህል የሚሆን፣ መካከሉ ላይ የውስጥ ስፋቱ ወደ 11.7 ሚሊሜትር የሚጠጋ የናስ ቧንቧ ነው። በአንደኛው ጫፍ ከንፈር የሚያርፍባት፣ ማውዝፒስ የምትባል ትንሽ የብረት ጽዋ አለች። የውስጥ ስፋቷ ከ16 እስከ 17 ሚሊሜትር ነው፤ የትራምፔት ተጫዋች ሥራ ሁሉ የሚፈጸመው እንግዲህ ከአንድ የኮት ቁልፍ በማትበልጥ ክብ ውስጥ ነው። በሌላው ጫፍ ቧንቧው እንደ አበባ ይከፈታል፤ ይህን ደወል እንለዋለን። ቫልቮቹ እ.ኤ.አ. በ1818 በፕሩስያ የባለቤትነት ፈቃድ ከተሰጠው የሽቶልዘልና የብሉመል ሥራ የመነጩ ናቸው። ሁለተኛው ቫልቭ ሲጫን ድምፁን በግማሽ ቶን፣ አንደኛው በአንድ ቶን፣ ሦስተኛው በአንድ ቶን ተኩል ዝቅ ያደርገዋል። ቫልቭ ግን ድምፅ አይፈጥርም፤ ተጨማሪ ቧንቧ ከፍቶ የአየሩን ዐምድ ያስረዝማል፣ ሌላ ተግባር የለውም። ስለ ጣት ቅልጥፍና ዛሬ የማልናገረውም ስለዚሁ ነው።

ብዙ ሰው ትንፋሽ በቧንቧው ውስጥ በማለፉ ቧንቧው ይጮኻል ብሎ ያስባል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ጎማ በሚነፋ ኮምፕሬሰር ትራምፔት መጫወት በተቻለ ነበር። ኮምፕሬሰሩን ብታገናኙት ከአየር ሽውታ በቀር የምትሰሙት የለም። የድምፁ ምንጭ ከንፈር ነው። ሁለቱ ከንፈሮች ከኋላቸው በሚመጣው ግፊት ተገፍተው ይከፈታሉ፣ ወዲያው ይዘጋሉ፣ እንደገናም ይከፈታሉ። የሙዚቃ ጓድ ሲቃኝ የትራምፔት ተጫዋቾች የሚነፉትን መካከለኛውን ዶ ብንወስድ ይህ መከፈትና መዘጋት በሴኮንድ 466 ጊዜ ይደጋገማል። በዚህ ፍጥነት የሚታዘዝ ጡንቻ በሰው አካል ውስጥ የለም። ስለዚህ ከንፈርን የሚያንቀጠቅጠው የተጫዋቹ ፈቃድ ሳይሆን አየሩ ነው፤ ፈቃዱ የሚያደርገው ከንፈሩን በተገቢው ሁኔታ ማዘጋጀት ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ስለሆነ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ።

ለእኛ ለመሐንዲሶች የበለጠ ደስ የሚያሰኘው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ከንፈሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚፈጠረው የግፊት ሞገድ በቧንቧው ተጉዞ ደወሉ ዘንድ ይደርሳል፤ ከዚያም ከፊሉ ወደ አዳራሹ ሲወጣ የሚበዛው ተመልሶ ወደ ከንፈሩ ይመጣል። ሄዶ ለመመለስ 8.6 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ተመላሹ ሞገድ ከንፈሩ ሊከፈት በሚልበት ቅጽበት ከደረሰ፣ ዥዋዥዌ የሚጫወት ሕፃንን በጊዜው እንደ መግፋት ሆኖ ከንፈሩን ያግዘዋል። ሬዞናንስ የምንለው ይኸው ነው። በዚህ ሒሳብ መሠረት መካከለኛው ዶ ሲጀመር ከንፈሩ የመጀመሪያዎቹን አራት ንዝረቶች ያለ ረዳት ብቻውን ይፈጽማል፤ ከእርሱ በላይ ያለው ዶ፣ በሴኮንድ 932 ንዝረት ያለው፣ ሲሆን ደግሞ ስምንት ንዝረት ብቻውን መቆየት አለበት። እርዳታው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። የድምፅ አነሣስ የሚሰናከለው በአብዛኛው በእነዚህ ጥቂት ሚሊሴኮንዶች ውስጥ ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች «ከመንፋትህ በፊት ድምፁን በጆሮህ ስማው» የሚሉት አባባል እንዲያው የቆየ ብሂል ይመስላል እንጂ ትክክለኛ የፊዚክስ ምክንያት አለው።

እንግዲህ የጠራ ድምፅ ማለት ከንፈሩ ለተመላሹ ሞገድ ሲታዘዝ የሚወጣ ድምፅ ነው። ከንፈሩ ከተጨማደደ ወይም በብረት ከተጨፈለቀ ሞገዱ መጥቶ ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት ግን የለም። ንዝረቱ ከቧንቧው የተፈጥሮ ድግግሞሽ ጥቂት ወጣ ብሎ በግድ ይሄዳል፤ ከዋናው ድምፅ ጋር የሚወጡት ከፍተኛ ድምፆችም ተገቢ ድርሻቸውን ያጣሉ፤ የምንሰማውም ቀጭንና የታፈነ፣ በአፍንጫ እንደሚናገር ሰው ያለ ድምፅ ይሆናል። ባልደረቦቼ «አልጠራ አለ» ያሉት ይህ ነው።

ታዲያ ከንፈር ለምን ይጨማደዳል? በእኔ አስተያየት ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ አየሩ ስላነሰ ነው። ስለዚህ ስለ ከንፈር ከመናገሬ በፊት ስለ ትንፋሽ መናገር ይገባኛል፤ በዚህም ላይ ጥቂት እቆያለሁ።

የአንድ ጤናማ ጎልማሳ ሳንባ ጥልቅ ትንፋሽ ተስቦ እስከ መጨረሻው ሲወጣ 4 ወይም 5 ሊትር ያህል አየር ያንቀሳቅሳል። ሳንባና ደረት ግን እንደ ጋን የሚሞሉና የሚጎድሉ ብቻ አይደሉም፤ እንደ ብረት ሞላ የሚወጠሩና የሚላሉ ናቸው። አየር ጢም ብለው ሲይዙ ይወጠራሉ፤ ተወጥረውም ያለ አንዳች የጡንቻ ጥረት አየሩን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ይህ ግፊት በሙሉ ትንፋሽ ጊዜ ወደ 3 ኪሎፓስካል፣ ማለት ወደ 30 ሴንቲሜትር የውኃ ከፍታ ይደርሳል። ለስላሳና ዝቅተኛ ድምፅ ለማውጣት ይህ ብቻውን ይበቃል ማለት ይቻላል። አየሩ እየተቀነሰ ሲሄድ የሞላው ጉልበትም ይደክማል፤ በተራ አተነፋፈስ አየር አውጥተን በምናርፍበት ደረጃ ላይ ስንደርስ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በታች ደግሞ ሥራው ይገለበጣል፤ ደረቱ ራሱ አየር ለመሳብ ይፈልጋል፣ ተጫዋቹም ከገዛ አካሉ ጋር እየታገለ ይነፋል።

የሥራው ትርጉም ግልጽ ነው። አጭር ትንፋሽ ስቦ የሚነፋ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ሞላው ከላላበት ቦታ ነው፤ ሐረጉን ሳይጨርስ ወደሚታገልበት ክልል ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ጉሮሮው ይጠባል፣ ትከሻው ይነሣል፣ እጁም ሳያውቀው መሣሪያውን ወደ ፊቱ ይስበዋል። ስለዚህ ለሁለት መስመር ዜማም ቢሆን ለአራት መስመር የሚበቃ ትንፋሽ መሳብ ይገባል፤ ገንዳው ባዶ እስኪሆን አይጠበቅም፣ ከግማሽ በታች ሳይወርድ እንደገና ይሞላል። ከፍ ላለና ለብርቱ ድምፅ በአፍ ውስጥ ከ10 ኪሎፓስካል የሚበልጥ ግፊት ስለሚያስፈልግ የሞላው ጉልበት ብቻውን አይበቃም፤ የሆድና የጎድን ጡንቻዎች መጨመር አለባቸው። እነርሱም ቢሆኑ በሞላ ደረት ላይ ሲጨመሩና በጎደለ ደረት ላይ ሲጨመሩ ውጤታቸው እጅግ የተለያየ ነው።

እዚህ ላይ በየሙዚቃ ክፍሉ የሚሰማ አንድ ትእዛዝ ማረም ግድ ይሆንብኛል። «ከድያፍራምህ ንፋ» ይባላል። ድያፍራም ትንፋሽ የሚያስገባ ጡንቻ ነው፤ ሲኰማተር ወደ ታች ወርዶ ሳንባውን ያሰፋል። አየር ለማውጣት በእርሱ መግፋት አይቻልም፤ በሚወጣበት ጊዜ ድያፍራም እየላላ የሚመለስ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ይህን ትእዛዝ የሚቀበል ተማሪ የሚያደርገው ሆዱን እንደ ድንጋይ ማጠንከር ነው። ሆድ ሲጠነክር ደግሞ ከባድ ሸክም ሊያነሣ እንደ ተዘጋጀ ሰው ጉሮሮው ይቆለፋል። በትንፋሽ መሳብና በመንፋት መካከል እንዲህ ያለ ቁልፍ ሲገባ ድምፁ ዘግይቶ ይፈነዳል፤ እንደ ቡሽ ሲነቀል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በልክ ተቈጥሮ የተሳበው ትንፋሽ ሳይቆም መመለስ አለበት። ዥዋዥዌ ከላይ ደርሶ ሲመለስ አይቆምም፤ ይዞራል እንጂ።

አሁን ስለ መጫን ልናገር። በወጣትነቴ ያስተማሩኝ በአንድ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ያገለገሉ አዛውንት ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። ሲያስተምሩ ራሳቸው እምብዛም አይነፉም፤ ለማሳየት ያህል ዝቅ ያለውን ዶ በጣም ባማረ ድምፅ ይነፉና ያቆማሉ። ከላይኛው ከንፈራቸው መካከል ምስር የምታህል ጠጣር ጠባሳ ነበረች። አለቃቸው «ሲያቅትህ ተጫነው» ይል እንደ ነበርና፣ እርሳቸውም እንደ ታዘዙ ሲጫኑት ኖረው በ40 ዓመታቸው ከመካከለኛው ሶል በላይ መውጣት ስላልቻሉ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወራቸውን አጫውተውኛል። አንድ ቀን ከፍ ላለ ድምፅ መሣሪያውን ወደ ፊቴ ስስብ አይተው ክንዴን ያዙና «ልጄ፣ ከንፈር እንደ ብረት አይበየድም» አሉኝ። በዚያን ጊዜ መሐንዲስ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ነገር ግን ከማንኛውም የማቴሪያል ትምህርት ይልቅ ይህ ቃላቸው በአእምሮዬ ጸንቷል።

መጫን የሚያታልለው ለጊዜው ስለሚሠራ ነው። ብረቱ ከንፈሩን ጥርስ ላይ ሲያጣብቀው የሚንዘረዘረው ክፍል ያጥራል፣ ይወጠራልም፤ ድምፁም ከፍ ይላል። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ወደ ከንፈሩ የሚመጣው ደም ይታገዳል። ደም ያልደረሰው ጡንቻ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይዝላል፤ ሲዝል የበለጠ መጫን ያስፈልጋል፤ የበለጠ ሲጫን የበለጠ ይዝላል። በቁጥጥር ሥርዓት ቋንቋ ራሱን የሚያባብስ ዑደት ነው፤ መቆሚያውም ጉዳት ነው። ስሙ የገነነው ሉዊ አርምስትሮንግ በከንፈሩ ቁስልና ጠባሳ ዕድሜውን ሙሉ ተሰቃይቷል። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በትራምፔት ተጫዋቾች ላይ የሚደርሰውን የከንፈር ዙሪያ ጡንቻ መቀደድ ሲገልጽ የአርምስትሮንግን ቅጽል ስም ወስዶ «የሳችሞ ሕመም» ብሎታል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ «ምንም አትጫን» የሚሉ አሉ፤ ይህም ማጋነን ነው። ማውዝፒሱና ከንፈሩ አየር እንዳያስወጡ የሚያስችል ግፊት የግድ ያስፈልጋል፤ ማንኛውም ጋስኬት የሚፈልገውን ያህል ማለት ነው። ብሎኑን ከሚገባው በላይ ያጠበቀ ሰው ጋስኬቱ ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ።

የከንፈር አያያዝን በተመለከተ፣ ተጫዋቾች ኤምቡሹር የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙውም የሚያደናግር ነው። እኔ የምለው አጭር ነው፦ የአፍ ማዕዘኖች ይጽኑ፣ መካከሉ ግን ይለስልስ። ማዕዘኖቹ እንደ ድንኳን ካስማ ናቸው፤ ካስማው ከጸና ሸራው በነፋስ መንቀሳቀስ ይችላል። አገጭ ይዘርጋ እንጂ አይሰብሰብ፤ ጉንጭም አይነፋ። ማውዝፒሱ በከንፈሩ መካከል በትክክል ተቀምጧል ወይስ ሚሊሜትር ወደ ግራ አዘንብሏል በሚል መስተዋት ፊት ሰዓት የሚያጠፉትን ግን አላደንቅም። የሰው ጥርስና ከንፈር አንድ ዓይነት አይደለም። ፊሊፕ ፋርካስ የተባለው አሜሪካዊ የሆርን ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1970 የ40 ታላላቅ የሆርን ተጫዋቾችን የከንፈር አያያዝ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን በመጽሐፍ አውጥቷል። መጽሐፉን የሚያገላብጥ ሰው አንዱ ከሌላው የተለየ መሆኑን ያያል፤ ሁሉም ግን በሙያቸው የተመሰገኑ ነበሩ።

ይህን በይበልጥ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። አዶልፍ ኸርሰት የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዋና የትራምፔት ተጫዋች ሆኖ ከ1948 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ለ53 ዓመታት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1952 በደረሰበት የመኪና አደጋ ጥርሱና ከንፈሩ ክፉኛ ተጎዳ። የድሮው የከንፈር ስሜት ጠፍቶበታል፤ በዚያ ስሜት የሚመራ ቢሆን ኖሮ ሙያው እዚያው ባበቃ ነበር። ከዚህ እንዲወጣ ብዙ ያገዘው የዚያው ኦርኬስትራ የቱባ ተጫዋች አርኖልድ ጄኮብስ ነው። ጄኮብስ በሳንባ ሕመም ምክንያት የትንፋሽ አቅሙ ከብዙ ሰው ያነሰ ነበር፤ ሆኖም ከመሣሪያዎች ሁሉ ብዙ አየር የሚፈልገውን ቱባን ከ1944 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. በዚያ ታላቅ ኦርኬስትራ ተጫውቷል። በማስተማሪያ ክፍሉ ውስጥ የትንፋሽ መጠንና ግፊት መለኪያ መሣሪያዎች ነበሩት፤ የሙያ ዘመዳችን ብለው አታሙኝም። ነገር ግን መለኪያውን የሚጠቀምበት ተማሪው የትንፋሹን ብዛት በዓይኑ እንዲያይ ነበር፤ መሣሪያውን አንሥቶ ሲነፋ ስለ ጡንቻ እንዲያስብ አይፈቅድም። ትምህርቱን «ዜማና ነፋስ» በሚሉ ሁለት ቃላት ይጠቀልለው ነበር። ኸርሰት የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ከንፈሩ ምን እንደሚሰማው ሳይሆን ድምፁ ምን መምሰል እንዳለበት እያሰበ፣ አየሩንም ሳይሰስት እየሰጠ።

ወደ ልምምዱ እንምጣ። ሁለቱ ባልደረቦቼ ከሥራ ደክመው የሚመጡ፣ በቀን ቢበዛ 40 ደቂቃ የሚያገኙ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ለሙያተኛ የሚሰጠውን መርሐ ግብር አልሰጣቸውም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች መሣሪያው በሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ይለፉ። ቆመው አራት እየቈጠሩ አየር ይሳቡ፣ አራት እየቈጠሩም ሳያቆሙ ያውጡ፤ በኋላ ማውጫውን ወደ ስድስት፣ ወደ ስምንት ያስረዝሙ። አፍ ሲከፈት ለማዛጋት እንደሚከፈት ይሁን፤ አየር ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ወፍራም «ኦ» መሆን አለበት፣ ሲጢጥ ካለ ጉሮሮው ጠቧል ማለት ነው። ቀጥሎም ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው ቁራጭ ወረቀት በትንፋሽ ብቻ ግድግዳው ላይ ይዘው ያቆዩ። ወረቀቱ ሐሰት አይናገርም፤ የአየሩ ፍሰት በተቋረጠ ጊዜ ይወድቃል።

ከዚያ ማውዝፒሱ ብቻ ይወጣል፤ የሚያውቁትን ቀላል ዜማ ሁለት ሦስት ደቂቃ በእርሱ ያንዝሩ። ቧንቧው ስለማይረዳቸው ዜማው የሚስተካከለው በጆሮና በአየር ብቻ ነው። ቀጥሎ ትራምፔቱ። ከመካከለኛው ሶል ጀምረው በግማሽ ቶን እየወረዱ እጅግ ለስላሳ የሆኑ ረዣዥም ድምፆች ይንፉ። ለስላሳ ስል የሞተ ማለቴ አይደለም፤ አየሩ እየሮጠ ድምፁ ዝቅ ያለ ይሁን። ኸርበርት ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው የልምምድ መጽሐፍ ውስጥ ተማሪው በዝቅተኛ ድምፅና በአንድ ትንፋሽ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ እንዲጫወት የሚያዘው ከንፈሩ በትንሽ ጉልበት መታዘዝን እንዲማር ነው። ቫልቭ ሳይነኩ ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ላይኛው ዶ መውጣትና መውረድም በየቀኑ ይጠቅማል፤ ሲወጡ ቀኝ እጅ ይለቀቅና መሣሪያው በተዘረጋ በግራ መዳፍ ላይ ይረፍ። በዚህ አኳኋን መሳብ ስለማይቻል ድምፁ የሚገኘው በአየር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ላይኛው ዶ እምቢ ይላል። ይበል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ይመጣል፤ ሲመጣም ቀድሞ ከነበረው የወፈረ ሆኖ ነው።

የተነፋበትን ጊዜ ያህል ማረፍ የልምምዱ ግማሽ ነው። አንድ ደቂቃ ከተነፋ አንድ ደቂቃ መሣሪያው ከከንፈር ይውረድ፣ ደም ይመለስ። ከንፈር ላይ ቀዩ ቀለበት ከልምምድ በኋላ ለረዥም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም መደንዘዝ ከተሰማ፣ የዚያን ቀን ሥራ አብቅቷል። የዣን ባቲስት አርባን ታላቁ የኮርኔት መማሪያ እ.ኤ.አ. በ1864 ከታተመ ወዲህ ለትራምፔት ተማሪ የጎደለ መልመጃ የለም፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ዕረፍት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜም አንድ ረዥም ድምፅ በእጅ ስልክ ይቅዱና ያስቀምጡ። ተጫዋቹ ከደወሉ ጀርባ ስለሚቆም የሚሰማው ድምፅና አድማጭ የሚሰማው አንድ አይደለም፤ የስድስት ሳምንት ቅጂ በተከታታይ ሲሰማ ግን ለውጡ ይታወቃል።

የምንኖርባት ከተማ ጉዳይም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ትራምፔት እዚህ ዝቅ ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ትክክል አይደለም። የድምፅ ፍጥነት በአየር ውስጥ የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በግፊት አይደለም። ከፍታው የሚነካው ተጫዋቹን ነው፤ በአንድ ሙሉ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ በባሕር ዳርቻ አገር የታተመ ሙዚቃ ላይ የተመለከተውን የትንፋሽ ቦታ እንደ ሕግ መቀበል አያስፈልገውም። በእርሳስ ተጨማሪ ምልክት ማድረግ ነውር የለበትም።

ድምፅን ዝቅ የሚያደርገው ብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ 10 ዲግሪ በሆነ አየርና በቀትር 22 ዲግሪ በሆነ አየር መካከል ያለው የድምፅ ፍጥነት ልዩነት ወደ 2 በመቶ ይደርሳል፤ በሙዚቃ መለኪያ የግማሽ ቶን ሲሶ ያህል ነው። በቀዘቀዘ መሣሪያ የሚጀምር ተጫዋች ዝቅ ማለቱን ሲሰማ ከንፈሩን ጨምቆ ሊያወጣው ይሞክራል፤ መጫንም ማለዳ ላይ በዚህ ቀዳዳ ይገባል። ይልቅስ መቃኛ ቧንቧውን ወደ ውስጥ ይግፋ፤ ድምፅ ሳያወጣም ሞቅ ያለ ትንፋሽ በመሣሪያው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ያሳልፍ፤ መሣሪያው ሲሞቅ መቃኛውን ይመልሰዋል።

ከስብሰባው በፊት አንደኛው ባልደረባዬ አዲስ ማውዝፒስ ከውጭ አገር ለማስመጣት ማሰቡን ገልጾ ምክር ጠይቆኛል። ጥልቀቷ ያነሰ ጽዋ ድምፁን ያበራል፣ ጥልቅ የሆነችው ታወፍረዋለች፤ ይህ እውነት ነው። ከፍ ላለ ድምፅ ብሎ ጠባብ መግዛት ግን ለሚያፈስ ቧንቧ ተጨማሪ ፓምፕ እንደ መትከል ነው። ገንዘቡን ለሦስት ወር ያቆየው። የተናገርኩትን ልምምድ በያዛት በአሮጌዋ ይፈጽም፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን መለወጥ ከፈለገ፣ የሚለውጥበትን ምክንያት በድምፁ ቅጂ ሊያስረዳኝ ይችላል።

በጽሑፍ ለማሳየት የማይቻለውን በተግባር ለማየት እንዲቻል አንድ ትራምፔትና ሦስት ማውዝፒሶች በጠረጴዛው ላይ አሉ፤ ማጽጃ አልኮልም አብሮ ተቀምጧል። ሁለቱ ባልደረቦቼ ወደፊት ቢመጡ ከወረቀቱ እንጀምራለን። ሌሎቻችሁም ግድግዳውን መሞከር ትችላላችሁ።